የጋሽ ፈለቀ መራራ ሥር

ባልደረቦቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ፈለቀ ቦንጋ የገቡ ቀን ከአውቶቡሱ ጣሪያ መጀመሪያ የወረደው ጆንያ ነበር። መጽሐፍ መስሎን ተሸከምንላቸው፤ ሥር ሆኖ ተገኘ። አዲሱ የኬሚስትሪ መምህር ቡና አገር መጥቶ የአረም ሥር ቆልቶ ሲጠጣ ገሚሱ መምህር ጠንቋይ ነው አለ፣ ገሚሱ ካድሬ ነው አለ። እኔ ሁለቱንም ጠረጠርኩ።

"ዳንዴሊዮን ይባላል" አሉን። ያች ቢጫ አበባዋ ሲደርቅ እንደ ጥጥ ብን ብላ የምትበተነው ናት። ለጉበት ይሆናል፣ ሆድ ያላላል፣ ሽንት ያወርዳል አሉ። ባንዲራ ሲሰቀል እንኳ ዓይናቸው ከሰንደቁ ግርጌ ካለው ሣር አይነሳም። ማስረጃ ስጠይቅ "ምሬቱን ቅመስ" ይሉኛል። ምሬት ማስረጃ ከሆነ ኮሶ ፕሮፌሰር በሆነ ነበር አልኳቸው።

አንድ ቀን ላቦራቶሪ ጠሩኝ። ድንች ላይ አዮዲን ጠብ አደረጉ፤ ጠቆረ። ሥሩ ላይ ጠብ አደረጉ፤ አልጠቆረም። የሚያከማቸው አዮዲን የሚያጠቁረውን ስታርች ሳይሆን ኢኑሊን የሚባል ሌላ ነገር ነው አሉ። አላመንኩም፤ ከጤና ጣቢያ ሌላ አዮዲን አምጥቼ ራሴ ሞከርኩ። ያው ሆነ። ይህ ግን ሥሩ ምን እንደያዘ እንጂ ማንን እንደሚያድን አይናገርም። ዛሬም እላለሁ።

የዕቃ ቤት ኃላፊያችን እትዬ በዛወርቅ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ፤ ኪኒኑ ራሱ ሽንት ያበዛል። ጋሽ ፈለቀ የሰጧቸውን የዚያኑ አረም ቅጠል አፍልተው ደርበው ሲጠጡ ሰነበቱና በሥራ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ተርፈው ይኸው ፊታችን ይስቃሉ። ሐኪሙ ኪኒኑ በዝቶ ነው አለ፤ ቅጠሉን ማንም አላነሳም። በመምህራንና ሠራተኞች ግምገማ ቀን ግን ጋሽ ፈለቀ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሱ።

"ቅጠሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አልጠየቅኳትም።"

ከጀርባው ምን አለ ብዬ ሰነበትኩ። ምንም አልነበረም። ግለ ሂስ ማለት የሰው ስም መጥራት በሆነበት ቤት የራስዎን ስም የጠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጋሽ ፈለቀ፣ እንዲህ ያለ ሰው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

አሁን ግን ሺሺንዳ ገበያ የዚህ ሥርና ቅጠል ሱቅ ሊከፍቱ ነው። ገበያተኛው ታሞ የመጣ፣ የቸኮለ ነው፤ ማስረጃዎ የታል የሚልዎት የለም። ትናንት ይህን ስልዎት "አንተ ደምመላሽ፣ ጡረታ ወጥቼም አትለቀኝም?" አሉ።

አልለቅዎትም። አንድ የገበያ ቀን የማያውቁት ሰው እልካለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ኪኒን ይኖራል። ሳይጠይቁ ከሸጡለት በርዎ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። ከጠየቁት ግን ስንት ዓመት እምቢ ያልኩትን መራራ ውኃ መጥቼ እጠጣልዎታለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ለጋሽ ፈለቀ ረጅም ዕድሜ። ለሺሺንዳ ሰው ደግሞ ጤና።