ባለቤት የሌላት ቱቦ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ሃይለአብ ነጋሲ
ዕድሜ፦ 19
ሥራ፦ የታክሲ ረዳት
የትምህርት ደረጃ፦ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ
ቃል የሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ተጠርጥሮ የታሰረውን ፍሬአብን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግንበኛና የሰፈራችን ወጣቶች የበጎ ፈቃድ ጽዳት ቡድን ሰብሳቢ ነው። የግል ተበዳይ ተብለው የተመዘገቡትን አቶ ታዲዎስንም አውቃቸዋለሁ፤ ከቤታችን ከፍ ብሎ ግሮሰሪ አላቸው። ተበዳይ መባላቸውን ስሰማ ስለሳቅሁ ሳጅኑ ሥርዓት እንድይዝ አስጠንቅቀውኛል።

ከግንቦት ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን ቦይ በአካፋም በእጃችንም ስንጠርግ ቆይተናል። የከፈለንም ያዘዘንም የለም። ይሁን እንጂ ቅዳሜ የጠረግነው ሰኞ ተመልሶ ይገማል። በሰኔ ወር ልዩ የምትባለው የስድስት ዓመት እህቴ በዚሁ ቦይ ዳር ስትጫወት ውላ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሆስፒታል ተኛች። ግሉኮስ የተሰካበት እጇ እንደ ወፍ እግር ቀጥኖ ነበር። ሐኪሙ ከቆሻሻ ውሃ የመጣ ነው አለን። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆሻሻው ከማን ቤት እንደሚወጣ ሳላውቅ ላልቀመጥ ወሰንሁ።

ቦዩን ወደ ላይ ስንከተለው ከአቶ ታዲዎስ ግሮሰሪ ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር የወጣች ወፍራም ቱቦ አገኘን። ለማረጋገጥ ግሮሰሪው ገብቼ አንድ ለስላሳ ካዘዝሁ በኋላ ሽንት ቤታቸው ውስጥ ሰማያዊ የልብስ ማቅለሚያ ደፋሁ። ቦዩ ዳር ይጠብቅ የነበረው ፍሬአብ ደውሎ፣ "አንተ፣ ሰፈሩን ባሕር ዳር አደረግኸው እኮ" አለኝ።

ሐምሌ 5 ቀን እሑድ ፍሬአብ ጉዳዩን በዕድር ስብሰባ ላይ በአክብሮት አነሣ። አቶ ታዲዎስ ተነሥተው፣ "ዑራኤልን፣ ያቺ ቱቦ የኔ አይደለችም። ጣልያን ቀብሮ የተዋት ናት" ብለው በሰው ሁሉ ፊት ማሉ። ስለ እህቴ ስናገርም፣ "አንድ ልጅ ከቦይ መጠበቅ አቅቷችሁ ሰፈር ልትጠብቁ ነው?" አሉኝ፤ ሰውም ሳቀ። እኔ በሰው መሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ ስለማልወድ ነገሩን ያዝሁት።

በዕድራችን ሰው በታቦት ከማለ ነገር እዚያው ይቆማል፤ ዋሸህ የሚለው የለም። ስለዚህ የዕድሩ ዳኛ እማማ ጀማነሽ፣ "ከማሉ ማሉ ነው። እንግዲህ ባለቤት ከሌላት ልጆቹ ይድፈኗት" አሉ። ትደፈን የምትሉ ሲባል እጅ ወጣ። የአቶ ታዲዎስም እጅ ወጥቷል፤ ማለቴ፣ ምለው ተገዝተው እጃቸውን ሊሰበስቡ ነው? ደግሞም የምንደፍን አልመሰላቸውም።

ፍሬአብ ሰኞ እንድፈናት ሲል ቅዳሜ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስጠየቅ፣ እሑድ የአቶ ታዲዎስ ልጅ ክርስትና በግሮሰሪው እንደሚደገስ ስለማውቅ ነው ብያለሁ። ፍሬአብ ግን ይህን አያውቅም ነበር፤ እሱ ድግስ የሚያውቀው ሲጠራ ብቻ ነው። ሐምሌ 11 ቀን ቅዳሜ ጠዋት አቶ ታዲዎስ ለድግሱ በሬ ሊገዙ ቄራ እንደሄዱ፣ ሰው እያየን፣ እሱ ሲሚንቶ አቡክቶ እኔ ድንጋይ እያቀበልሁት ጥርቅም አድርገን ደፈንናት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ቁርጡና ቢራው ሥራቸውን ሲሠሩ ሽንት ቤቱ ሞላ። ከዚያም በበሩ ሥር ወጥቶ እስከ ክርስትና አባትየው ነጭ ጫማ ደረሰ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በሥራ ድምፄ፣ "ቄራ፣ ኦሎምፒያ፣ የሞላ፣ የሞላ" ስል ነበር፤ ይህን አልክድም። አቶ ታዲዎስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወጡና እኔን አልፈው፣ ጩኸት ሰምቶ ሊያግዛቸው አካፋ ይዞ የመጣውን ፍሬአብን አነቁት። "የቤቴን ቱቦ ደፍነህ አዋረድኸኝ" ብለው በእንግዳው ሁሉ ፊት ጮኹ። እማማ ጀማነሽ ከዳሱ ውስጥ፣ "የጣልያኗን ነው፣ አቶ ታዲዎስ?" አሏቸው። እሳቸው ፖሊስ ጠሩ።

ስለዚህ ቱቦዋ የሳቸው ካልሆነች ፍሬአብ አልበደላቸውም፤ ይፈታልኝ። የሳቸው ከሆነች ደግሞ ሐምሌ 22፣ በራሱ በዑራኤል ቀን፣ ዕድሩ ፊት ቆመው የኔ ናት ይበሉ፤ እህቴንም በስሟ ጠርተው ይቅርታ ይጠይቋት። የራሳቸውን የፍሳሽ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ መሮና መዶሻ ይዤ ቱቦዋን የምከፍትላቸው እኔው ነኝ። እስከዚያ የቤታቸው ከቤታቸው ይቆይ።

ተጸጽተህ እንደሆነ ተናገር ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ ብያለሁ፤ የክርስትና አባትየው ጫማ ያሳዝነኛል።

ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉ የራሴ ነው፣ ያስገደደኝ የለም፣ የጨመርሁትም የደበቅሁትም የለም። ለእውነትነቱ እንድምል ስጠየቅ፣ በዑራኤል ሰሞኑን ብዙ ስለተማለበት እሱን ላለማስቸገር በሚካኤል ምዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሃይለአብ ነጋሲ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ጉርሜሳ፣ ፊርማ