ያለ ኮሚቴ የማይጠፋ ገጽ

(በአንድ ወረዳ የጋብቻ መመዝገቢያ ክፍል፣ ረፋድ ላይ። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዋ ሶስና ከመዝጋቢው ከጋሽ መርዕድ ወንበር ጀርባ ቆማለች፤ እሳቸው ማውሱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።)

ጋሽ መርዕድ፦ ያለ ደብዳቤ ማውሱን አልለቅም አልኩሽ እኮ።

ሶስና፦ የምን ደብዳቤ፣ ጋሽ መርዕድ? ትናንት ሲስተሙ ተቀይሯል። ብሮውዘሩ ግን የድሮውን ገጽ ኮፒ አስቀምጦ እሱኑ ያሳይዎታል። ለዚህ ነው «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑት የማይሠራው። ካሹን፣ ያንን የተቀመጠ ኮፒ፣ ላጥፋልዎትና አዲሱ ይመጣል። ግማሽ ደቂቃ ነው።

ጋሽ መርዕድ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር የመንግሥት ንብረት ነው። ንብረት ደግሞ የሚወገደው በኮሚቴ ነው። ሦስት አባላት፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም።

ሶስና፦ ኮሚቴው ታዲያ የታለ?

ጋሽ መርዕድ፦ ሰብሳቢው እኔ። ጸሐፊዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። አባሉ ጎጃም ለቅሶ ሄዷል።

ሶስና፦ መቼ ይመለሳል?

ጋሽ መርዕድ፦ የእሱ አይታወቅም። ባለፈው አርባውን አውጥቶ ነው የመጣው።

ሶስና፦ ሙሽሮቹ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ሙሽራዋ ደግሞ የራስዎ ልጅ ናት።

ጋሽ መርዕድ፦ ሕግ ዘመድ የለውም።

ሶስና፦ መስኮት ሁለት ወረፋ የለም ብላት «አባቴ ነው የሚመዘግበኝ» አለች። ሠርጉ ነገ አይደል እንዴ?

ጋሽ መርዕድ፦ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። እስከ ዛሬ የት ነበሩ?

ሶስና፦ እርስዎ ዘንድ ነበሩ። ማክሰኞ ማኅተሙ ደርቋል አሏቸው። ሐሙስ ደግሞ ሙሽራው ሚልኪያስ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል ብለው መለሷቸው።

ጋሽ መርዕድ፦ ብሏላ። ምን አስፈገገው?

ሶስና፦ ሙሽራ ነው፣ ምን ያድርግ?

ጋሽ መርዕድ፦ ይሄን ገጽ ማን ነው የቀየረው?

ሶስና፦ ሚልኪያስ ነዋ ከነጓደኞቹ። ሥራው ነው።

ጋሽ መርዕድ፦ አየሽ። ዘጠኝ ዓመት በቀኜ የኖረውን የ«መዝግብ» ቁልፍ ወደ ግራ ወሰደው። ያ አልበቃው ብሎ ልጄን። እስቲ እዚህ ጋ አንብቢልኝ።

ሶስና፦ «ሐመልማል መርዕድ። ያላገባች።»

ጋሽ መርዕድ፦ በቃ። ይሄ ምን ጎደለው? ጥርት ያለ ጽሑፍ።

ሶስና፦ ጋሽ፣ ኮፒውን ቢያስቀሩት እሷን አያስቀሯትም እኮ።

ጋሽ መርዕድ፦ ይጠፋኛል ብለሽ ነው? እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ከነገ ወዲያ እራት ላይ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ሶስና፦ ቆይ... ይነሡ።

ጋሽ መርዕድ፦ ወዴት?

ሶስና፦ ወደ መስኮት ሁለት። ሐመልማል ኮሪደር ላይ ዓይኗን እየጠረገች ነው፤ ወስደው እዚያ ያስመዝግቧት።

ጋሽ መርዕድ፦ ያቺ ባለፈው ሳምንት የተቀጠረችዋ ጋ?

ሶስና፦ አዎ።

ጋሽ መርዕድ፦ እሷ እኮ ትናንት ሚዜውን በሙሽራው ቦታ ጽፋ ሰው አጋብታለች። በይ ነይ፣ አጥፊው።

ሶስና፦ ኮሚቴውስ? ቃለ ጉባኤውስ?

ጋሽ መርዕድ፦ ሰብሳቢው እያለቀሰ ምን ጉባኤ አለ? እንኪ ማውሱን፤ አጥፊውና ልጄን ጥሪልኝ።