«ተጽናናሽ አይደል?»

ለአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በዛሬው ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ እርሳስ በክብር ተቀርጿል። ቀራጩ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት ይርጋለም ሲሆን፣ የተቀረጸውም የአንኮበርን ሰው ኀዘን ለመለካት ነው። ፍርፋሪውን ነፋስ ወደ ቆላ ወስዶታል፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

ይህን ታላቅ ሥነ ሥርዓት በዓይናቸው ያዩት መምሬ ወልደ ሰንበት ብቻ ናቸው። ከቆላው ገበያ ከአልዩ አምባ የሚመጣው መንገድ ገደሉን ተጠማዞ ወደ ደጋው ብቅ ከሚልበት አፋፍ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁልቁል ሲያዩ ከይርጋለም ጋር ድንገት ተገናኙ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?» አለ ይርጋለም መስቀል ተሳልሞ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ። ቤት ለቤት እየዞርክ ‹አዝናችኋል ወይ› የምትለው አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ። እርስዎስ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አየር እቀበላለሁ» አሉ። የዚያ አፋፍ ነፋስ ግን በግ የሚጥል እንጂ አየር ተብሎ የሚቀበሉት አይደለም።

«ለመሆኑ ምን አገኘህ?»

«ጉድ ነው ያገኘሁት! ባለፈው ክረምት የቆላው ንዳድ ልጅ የነጠቃቸውን ሁሉ ‹እንደምን ነዎት?› አልኩ። ሁሉም ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና› አሉኝ። በእኔ ጥናት መሠረት፣ አንኮበር ውስጥ ያዘነ ሰው የለም።»

መምሬ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ፈገግታቸው አሳፈራቸው። የእሳቸው ልጅ ኃይለ ገብርኤልም ጥጥ ሊሸምት አልዩ አምባ እንደ ወረደ፣ ንዳድ ይዞት እዚያው ቆላ ተቀብሮ ቀርቷል።

«ደህና ካሉህ ሌላ ምን ትሻለህ? ኀዘን እንደ ጤፍ በቁና ይሰፈራል? ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ እሱ ነው።»

«እሱማ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ መጠየቅ ለማናውቀው ለኛ የተሰጠ ዕጣ ነው። ሰው ደግሞ የጠያቂውን ፊት አይቶ ነው የሚመልስ። እስቲ አባቴ፣ ከገበያ ቅቤ ሲገዙ እንዴት ያዩታል?»

«ከላዩማ ሁሉም ወርቅ ነው። ስንጥር እስከ ሥሩ እሰድና አውጥቼ አሸታለሁ። አለዚያማ መሐሉን ድንች ጠቅጥቀው ይሸጡልሃል!»

«‹እንደምን ነዎት› የቅቤው ላይ ነው፣ አባቴ። ለምሳሌ እመት ወለተ ጊዮርጊስ እንዴት ናቸው?»

«ባለቤቴ? ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት እጠይቃታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«‹ተጽናናሽ አይደል?› እላታለሁ። ‹አዎ፣ እግዜር ይመስገን› ትለኛለች።»

«‹የለም፣ አልተጽናናሁም› ቢሉዎትስ?»

«‹እግዜርን አታማርሪ› እላታ…» ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

አንባቢ እዚህ ላይ መምሬን በክፋት እንዳይጠረጥር። በልጃቸው አርባ፣ በእድምተኛው ፊት፣ «ከአርባ በኋላ ማልቀስ ፈጣሪን መክሰስ ነው» ያሉት ለማጽናናት ብለው ነው። ዳሩ ግን፣ ባልም ቄስም ዳኛም ሆኖ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በጥያቄው ቋጥሮ ይሰጥና ያንኑ መልሶ ይቀበላል።

«ምግብስ ይቀምሳሉ?» አለ ይርጋለም ቀስ ብሎ።

«እኔ ስበላ ‹ቀድሜ ቀምሻለሁ› ትለኛለች።»

ይህን ሲሉ የሚስታቸው መቀነት ትዝ አላቸው። ድሮ ወገባቸውን ሁለቴ ዞሮ የሚያልቀው፣ ዛሬ ሦስቴ ዞሮም ጫፉ ይንጠለጠላል። በየቀኑ እያዩት፣ መልስ ነው ብለው ግን አስበውት አያውቁም።

«ምን ይሻላል፣ ልጄ?» አሉ።

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ አልታየች ትጠይቃቸው፤ ሴት ለሴት፣ ብቻቸውን። ‹ተጽናኑ ወይ› ሳይሆን ‹ትናንት ምን በሉ? ሌሊቱስ እንዴት ነጋ?› ብላ። እርስዎ ዘወር ይበሉ።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ከገዛ ቤትዎ።»

በማግስቱ አልታየች ስትገባ መምሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። መጀመሪያ የአልታየች ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ በአርባው ታፍኖ የነበረው ልቅሶ ወጣ። «ኃይልዬ! አፈር እንኳ ሳላለብስህ! ማን ገነዘህ ልጄ?» መምሬ ወደ በሩ ሲንደረደሩ ይርጋለም ክንዳቸውን ያዘ።

«‹ተጽናናሽ አይደል› ሊሉ ነው?»

መምሬ እግራቸውን መለሱ። ልቅሶው እስኪበርድ በቆሙበት ሰሙት።

ወለተ ጊዮርጊስ ከክረምቱ ወዲህ እህል የሚቀምሱት ነፍስ ለማቆየት ያህል ብቻ ኖሯል። አልታየች ደብረ ብርሃን ወስዳ ለሐኪም አሳየቻቸው፤ መድኃኒትም ተሰጣቸው። ኀዘኑ አልለቀቃቸውም፤ ማታ ማታ ግን ስሙን እየጠሩ አልቅሰው፣ እንባቸውን ጠርገው ከባላቸው ጋር እራት ይቀርባሉ። ይርጋለምም ጥያቄውን ለውጦ እንደገና ዞረ። «ደህና» ካሉት መካከል እንቅልፍ ያጣው፣ እርሻውን የተወው፣ በየጓዳው የሚያለቅሰው ስንቱ! አንኮበር ደስተኛ መሆኗ ቀረ፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ግን ታወቀ።

እሑድ መምሬ ከቅዳሴ በኋላ አስተማሩ። «‹ደህና ነኝ› ሰላምታ ነው፤ ምርመራ አይደለም። ያዘነ ጎረቤት ስትጠይቁ መልሱን ከጥያቄው ጋር አትላኩለት። አንዴ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ደግማችሁ ጠይቁ። በባሏ ፊት የማይወጣት ነገር ከባልንጀራዋ ጋር ይወጣታልና ባል ዘወር ይበል። ማዕዷን እዩ፤ እንቅልፏን ጠይቁ። እግዜር ለእንባ ቀን አልቆረጠም።»

ይርጋለም ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሲል መምሬን እዚያው አፋፍ ላይ አገኛቸው። ከአልዩ አምባ ገበያ የሚመለሱት በቅሏቸውን እየነዱ ብቅ ብቅ ይላሉ። ፈረጅ የሚባል ነጋዴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነስቷቸው አለፈ። መምሬ ልጃቸውን እንደሚፈልጉ ሁሉ የእያንዳንዱን ወጣት ፊት እስኪጠጋ እየጠበቁ አዩ፤ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስም አልተነቃነቁም።

ይርጋለም እርሳሱን አወጣ፤ መልሶ ከኪሱ ከተተው።

«አባቴ፣ በየገበያው ቀን እዚህ የሚቆሙት ለምንድን ነው?»

«አየር ልቀበል ነው ብዬሃለሁ።»

«‹ደግማችሁ ጠይቁ› ብለው አስተምረዋል።»

«አስተምሬያለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «ስለ ራሴ ግን አልናገርም።»