ድመትና ውሻ የዘነበበት ፈተና

አቦ፣ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው! የእህቴን ልጅ ሂንዳን ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ልትፈተን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ ሆቴል ይዣት ሄድኩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ምን ቢጠይቃት ጥሩ ነው? «እንግሊዞች ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ‹ድመትና ውሻ ዘነበ› ይላሉ። አባባሉ ከየት መጣ?» ዝናብ በናፈቀን በድሬ! አላውቅም አለችው። እሱ ታዲያ ድሮ ዝናብ ሲጥል ድመትና ውሻ ከሳር ጣሪያ ላይ እየተንሸራተቱ ይወድቁ ነበር ብሎ አስረዳት። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ተረት ነው፣ መነሻውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለልጅቷ ስል ዋጥ አደረግኩት።

በዚህ መሃል አንዲት የጅቡቲ እናት በሶማሊኛ እየጮሁ ገቡ። ሰውየው አንድ ቃል አልገባውም። «እባክሽ አናግሪያቸው» አላት። ክፍላቸው ውሃ የለውም ነው የሚሉት። ሂንዳ አረጋግታ፣ አስቃ ሸኘቻቸው። ከዚያ ዞር ብሎ «ይቅርታ፣ እንግሊዝኛሽ ጥልቀት ይጎድለዋል» አይላትም!

እጇን ይዤ ስወጣ ሴትዮዋ እየጮሁ ተመለሱ። «እህቴ፣ አንዴ አናግሪልኝ!» ብሎ ከኋላችን ተጣራ። ሂንዳ ልትዞር ስትል ጎተትኳት።

«የድመቱንና የውሻውን ታሪክ ንገራቸው!» አልኩት።