አሜን ያልተባለበት የአቶ ጂሬኛ ባቻ ምርቃት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የነቀምቴ፣ የአርጆ፣ የጊምቢና የባኮ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም ከሩቅ መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ሁሉ፤ የአቶ ጂሬኛ ባቻ የሕይወት ታሪክ በታናሽ ወንድማቸው በኦቦ ዋቅወያ ባቻ በአፋን ኦሮሞ ተነብቦላችኋል። እኔ ደግሞ የባለቤታቸው የወይዘሮ የሺአረግ ሳህሉ ታላቅ ወንድም ተረፈ ሳህሉ ስሆን፣ ያንኑ በአማርኛ እንዳነብና እርሳቸው ያላነበቡትን አንድ ነገር እንድጨምር ቤተሰቡ አዞኛል። ከመጀመሬ በፊት ግን፣ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለቅሶውን ሩቅ ላለ ሰው በቪዲዮ የምታሳዩ ልጆች ለጊዜው እንድታጠፉት በሟቹ ስም እለምናችኋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከታሪካቸው ትረዱታላችሁ።

አቶ ጂሬኛ ከአባታቸው ከአቶ ባቻ ቀነአ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድርቤ ጂሩ በ1951 ዓ.ም. በአርጆ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው በአርጆ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው፣ የታናናሾቻቸው ነገር በእርሳቸው ትከሻ ላይ ስለወደቀ፣ ደብተራቸውን አጥፈው በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጠሩ። ኋላም መንጃ ፈቃድ አውጥተው የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ሾፌር ሆኑ፤ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጊምቢና ወደ በደሌ ሲመላለሱ ዘመናቸውን በመንገድ ላይ ፈጸሙ ማለት ይቻላል።

እኅቴን ወይዘሮ የሺአረግን ለማግባት ሽማግሌ በላኩ ጊዜ፣ ከሰሜን ሸዋ ለሥራ ተመድበው አርጆ የገቡት አባታችን አቶ ሳህሉ፣ ሾፌር ቤቱ አያድርም ብለው ሽማግሌዎቹን በባዶ እጅ መልሰዋቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተመልሰው መጡ፤ ዳግመኛም ቢመለሱ ከመምጣት አልቦዘኑም፤ በመጨረሻም አባታችን፣ የሰውየው ትዕግሥት ከእኔ እምቢታ በልጧል ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ጋብቻቸውም በቤተ ክርስቲያን ተፈጽሞ፣ በነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ሠርተው፣ ወንድ ልጃቸውን ኢቢሳንና ሴት ልጃቸውን ሶረቲን ወልደው በፍቅር ኖሩ። አባታችን በስተርጅናቸው ከሁሉ ልጆቻቸው አስበልጠው የሚጠሩት ያንኑ ቤቱ አያድርም ያሉትን ሰው ነበር።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በወለጋ መንገድ መጮኽ በጀመረበት ዘመን፣ አቶ ጂሬኛ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ የሲሬን ከተማ አልፈው ባኮ ሳይደርሱ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን አንሥተው የልጃቸውን ሞት ሰሙ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ በግራና በቀኝ ተዘጋጅቶ የሚነገር ነገር ሆኖ ሳለ፣ ያን የደወለውን ሰው ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናትየዋ በማያውቋቸው ሰዎች መካከል ብቻቸውን ሲጮኹ፣ አቶ ጂሬኛ አውቶቡሱን ከመንገድ አውጥተው አቆሙ፤ እናትየዋን ደግፈው አውርደው ሣር ላይ አስቀመጧቸውና፣ እባካችሁ ዘመዶቻቸው እንሁንላቸው ብለው ተሳፋሪውን ለመኑ፤ ተሳፋሪውም ከቦ አለቀሰላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ማንም ክፉ ወሬ ሰምቶ በሚሄድ መኪና ውስጥ ብቻውን እንዳይጮኽ፣ ሌላውም ተሳፋሪ እንዳይታወክ ብለው፣ መኪናቸው ከመነኻሪያ ሳይወጣ፣ ከመሪው ላይ ዞር ብለው በሁለቱም ቋንቋ ሕጋቸውን ሳያስታውቁ አይነሡም ነበር፦ ስልክ የተደወለለት ሰው ያዳምጥ እንጂ አይናገር፤ መናገር ግድ ከሆነበት ለእኔ ይንገረኝ፣ አቆምለታለሁ፣ ወርዶ ይናገራል። ይህን ያሉት ለይምሰል አልነበረም፤ በእርግጥም ያቆሙ ነበር። አንድ የጊምቢ ቡና ነጋዴ፣ ሕጉን ለመፈተን ይመስላል፣ ወርጄ ላውራ ቢሏቸው አቆሙላቸው፤ ነጋዴው ፀሐይ ላይ ቆመው በዋጋ ሲከራከሩ፣ ተሳፋሪው በሙሉ በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ስለጠበቃቸው፣ ነገሩን ሳይጨርሱ አፍረው ተመለሱ። ሌሎች ሾፌሮች የጂሬኛ ባስ ቤተ ክርስቲያን ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እርሳቸውም፣ ታዲያ ቢሆን ምን ይጎድልባችኋል ብለው ያልፏቸው ነበር።

ልጃቸው ሶረቲ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ አብራቸው ትጓዝ ስለነበር፣ ይህ ሕግ ከእናት ጡት ጋር የጠባችው ያህል ነው። በነቀምቴ በእርሻ ሳይንስ ከተመረቀች በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደች። እርሷ በሄደች በዓመቱ፣ አቶ ጂሬኛን ይዟቸው የኖረው የስኳር በሽታ ጸንቶ፣ በመጀመሪያ የቀኝ ዓይናቸውን፣ ቆይቶም የግራውን ወሰደባቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን ይዘውት የኖሩትን መሪም በገዛ እጃቸው ለሌላ አስረከቡ። ሶረቲ በቪዲዮ ስትደውል እናቷ ፊቷን እያዩ ሲደሰቱ፣ እርሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መልክሽ ለእናትሽ ይሁን፣ ለእኔ ድምፅሽን አምጪልኝ ይሏት ነበር።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሕመማቸው ሲበረታ፣ አባትሽ ትንሽ ደክመዋልና ብትመጪ ይሻላል ብለን ላክንባት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ልጅ የለምና፣ በማግሥቱ ተሳፈረች። ትናንት ጠዋት፣ እርሷ ገና በአየር ላይ ሳለች፣ አቶ ጂሬኛ ጉልበታቸው እየከዳቸው መሆኑን ዐውቀው፣ ሁላችንንም በአልጋቸው ዙሪያ ሰበሰቡን። ኢቢሳን በፊታችን መረቁት፤ እርሱም ተንበርክኮ አሜን ብሎ ተቀበለ። ቀጥሎም ሶረቲ የት ደረሰች ብለው ጠየቁ። አውሮፕላኑ ኢንተርኔት ስለነበረው ከጥቂት ጊዜ በፊት መልእክት ጽፋ ነበርና፣ ኢቢሳ ደወለላት፤ እርሷም አነሣች።

ያነሣችው ግን በዝምታ ነው። ለመናገር አፏን ስትከፍት የበረራ አስተናጋጇ ቀርባ፣ መልእክት መጻፍና በጆሮ ማዳመጫ መስማት እንደሚፈቀድ፣ በድምፅ መነጋገር ግን የሌሎችን ተሳፋሪዎች ዕረፍት ስለሚያውክ እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገረቻት። ሶረቲም፣ እሰማችኋለሁ፣ መናገር ግን አልችልም ብላ ጻፈች፤ ኢቢሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እኅቴ የሺአረግ፣ አንድ ቃል ብትናገር ማን ይሞታል፣ እባክሽ ልጄ አንድ ቃል ብቻ እያለች ስታለቅስ፣ አቶ ጂሬኛ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟትና፣ የሚያቆምላት የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ኢቢሳ፣ የለም አባዬ አላቸው። እንግዲያውስ ዝም ትበል፣ የተኛ ሰው አይቀስቀስ አሉ።

ከዚያም ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በደከመ ድምፅ ይመርቋት ጀመር። የዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኤባ ማለትም ምርቃት በአንድ አፍ ብቻ አይሞላም፤ መራቂው በተናገረ ቁጥር ተመራቂው አሜን እያለ ይቀበለዋል። አቶ ጂሬኛም በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ላይ፣ አሜን የሚባልበትን ያህል ጊዜ ዝም ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ዝምታ እኛ በክፍሉ ያለነው፣ ነገሩ ቢከብደን፣ ስለ እርሷ አሜን አልን። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣ የእናንተ አይደለም፣ ቦታዋን ተዉላት አሉን። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ይመርቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከስልኩ የሚሰማ ነገር የለም፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ ኢቢሳ፣ አባዬ፣ አሜን ብላ ጽፋለች፣ ደጋግማ ጽፋለች ብሎ አነበበላቸው። እርሳቸውም ስልኩን እንደ ልማዳቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆዩ። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ረፋዱ ላይ አረፉ።

ኋላ እንደነገረችን፣ በዚያን ሰዓት ሶረቲ በነጠላዋ አፏን አፍና ይዛ ነበር፤ አስተናጋጇም በመተላለፊያው ተንበርክካ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። እኔ ከትናንት ጀምሮ የምቆጣው ሰው ስፈልግ ነው የዋልኩት። አስተናጋጇን እንዳልቆጣ፣ የተሰጣትን ሕግ በርኅራኄ ፈጸመች። ሕጉን እንዳልቆጣ፣ አቶ ጂሬኛ ራሳቸው የቆሙለት ሕግ ነው። ልጅቱን እንዳልቆጣ፣ አባቷ እንዳሳደጓት ሆና ተገኘች። ማንም ጥፋተኛ የሌለበት ኀዘን ግን እንዲህ ሆድ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ የተቀበሏት ዘመዶች ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ብልሽት እያወሩ በአምቦና በባኮ አድርገው አመጧት፤ እርሷም ምንም እንዳልጠረጠረች ሆና መለሰችላቸው። መርዶውም በወጉ፣ ባሳደርናት በአክስቷ ቤት ዛሬ ማለዳ ተነገራት። ከለቅሶዋ መካከል የተሰማው የመጀመሪያ ቃል፣ አባቴ መርቆኝ ሳልቀበለው ቀረሁ የሚል ነበር። መጋቢያችን፣ እግዚአብሔር በልብ ያለውን አሜን ይሰማል ብለው አጽናኗት። ኦቦ ዋቅወያ ደግሞ፣ መራቂው ራሱ አሜኑን ሳይሰማ ካረፈ ምርቃቱ ምን እንደሚባል አላውቅም ብለው አቀረቀሩ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር እንጂ የሃይማኖት ዐዋቂ አይደለሁም፤ ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አቶ ጂሬኛ የልጃቸውን ቦታ ለማንም ሳይሰጡ፣ ክፍት አድርገው እንደሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

አቶ ጂሬኛ ባቻ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺአረግ ሳህሉን፣ ልጆቻቸውን ኢቢሳንና ሶረቲን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ የኢቢሳን ልጅ ኤልዳናን፣ ወንድማቸውን ኦቦ ዋቅወያን፣ እንዲሁም በየመንገዱ ያቆሙላቸውን ስማቸው የማይታወቅ ብዙ መንገደኞችን ትተውልን ሄደዋል። በመንገድ የጠበቃቸው ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ያድልልን።

አሁን ያን ምርቃት፣ ወደ አማርኛ እንደመለስኩት፣ እርሳቸው ዝም ባሉበት ቦታ ሁሉ ዝም እያልኩ አነባለሁ። ለቀስተኞች ሆይ፣ አሜን ለማለት አፋችሁ እንደሚፈጥን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ለእኔ ስትሉ ያዙት።

ልጄ፣ የረገጥሽው ምድር ይለምልም።

የዘራሽው ይብቀል፣ የበቀለው ለሌላውም ይትረፍ።

ደጅሽ ሰው አይጣ፣ በሄድሽበትም ሰው አትጪ።

ከእኔ ዕድሜ የጎደለው በአንቺ ይሙላ።

ሶረቲ፣ ነይ ወደ ሣጥኑ ቅረቢ። እዚህ የሚከለክልሽ የለም፣ የምትረብሺውም ሰው የለም። እኛ ዝም ብለን እንጠብቅሻለን።