የአራቱ ሊቃውንት ድምፅ በዐሥራ አራት ካሴቶች፤ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ገብረ ሥላሴ ዜና ሕይወት

አባቶች ካህናት፣ ከወገዳም ከንፋስ መውጫም ገስግሳችሁ በዚህ ዐጸድ የቆማችሁ ወገኖች፣ ሰው ሲሸኝ የተጓዘበት መንገድ ሊነገርለት ይገባልና፣ የአባታችንን የመሪጌታ ወልደ ሰንበትን መንገድ በትዕግሥት ትሰሙልን ዘንድ እንለምናለን።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሥላሴ ውቤ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንቱ ላቀው፣ በስማዳ ወረዳ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አባታቸው ለእርሻ ቢፈልጓቸውም፣ እናታቸው "ይኸ ልጅ ዕርፍ ጨብጦም ያዜማል፤ በሬዎቹ ቆመው ይሰሙታል እንጂ አያርሱለትም" ብለው ተከራክረው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ትምህርት አሰናበቷቸው። ድጓውን በጋይንቷ ቤተልሔም ከዘለቁ በኋላ፣ ከቁርባን በኋላ የሚዜመውን ዝማሬና ለሙታን የሚደርሰውን መዋሥዕት ለመማር፣ በታች ጋይንት ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ወደነበሩት ወደ የኔታ ቀለመ ወርቅ ሄዱ። ከእርሳቸውም እግር ሥር ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ተመረቁ፤ በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርነሽን በቁርባን አግብተው ሦስት ልጆች ቢያፈሩም፣ ከመምህራቸው ጉባኤ አልራቁም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገሩን ሲመታ ከአርባ የሚበልጡት ተማሪዎች ተበተኑ፤ ከተመረቁትም መካከል ሦስቱ በአንድ ወር ውስጥ ተቀበሩ። ጉባኤው ሲፈታ ዐይናቸው ከጠፋው ከየኔታ ጋር የቀሩት መሪጌታ ወልደ ሰንበትና ሁለት የትምህርት ቤት ወንድሞቻቸው፣ መሪጌታ ኅሩይና መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ብቻ ነበሩ። የኔታ ከመምህሮቻቸው የተቀበሉት የዜማ መንገድ እንግዲህ ከእነዚህ ከአራት ሰዎች በቀር ባለቤት አልነበረውም።

በዚያ ዘመን በአርብ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት ሐጂ ጁነይዲ ዑስማን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበራቸው። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ወዳጃቸውን ሐጂን አማክረው፣ ዜማው ይቀረጽ ዘንድ የኔታን በለመኑ ጊዜ የኔታ ተቆጥተው "ዜማ በጉሮሮ ይቀመጣል እንጂ በሣጥን አይቀመጥም" አሏቸው። መሪጌታም አንገታቸውን ደፍተው "የኔታ፣ ጉሮሮው እኮ አፈር ገባ" ሲሉ መለሱ። የኔታም "እንግዲያስ በሣጥኑ ፊት ስሕተት እንዳይገኝብን" አሉ።

በ1979 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሦስት ሳምንት ሙሉ አራቱ ሊቃውንት በየኔታ ጎጆ ተቀምጠው አዜሙ። ቁልፉን የሚጫኑት ሐጂ ጁነይዲ ነበሩ፤ የሶላት ሰዓታቸው ሲደርስ ወጥተው ከግድግዳው ሥር ሰግደው ይመለሳሉ፣ ሊቃውንቱም እስኪመለሱ ይጠብቋቸዋል። ዶሮ በጮኸ ቁጥር ከመነሻው ይጀምሩ ነበር፤ በዘጠነኛው ካሴት ላይ ግን የኔታ የዜማው ከፍታ ላይ ሳሉ አህያ ቢያናፋም ማንም ሊያቋርጣቸው ስላልደፈረ፣ ጩኸቱ እስከ ዛሬ ይሰማል። ዐሥራ አራተኛው ካሴት ሲሞላ የኔታ "አሁን ልሞት እችላለሁ" አሉ፤ ዓመት ሳይሞላም ዐረፉ። ሁለቱም ወንድሞች ጥቂት ዓመታት ቆይተው ተከተሏቸው።

በ1986 ዓ.ም. አንድ እንግዳ "ከተማ ወስጄ አባዝቼ እመልሳለሁ" ብሎ ካሴቶቹን ተቀብሎ ሄደ፤ ሳይመለስም ቀረ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ያንን ሁሉ ድካም "ጠፋ" ብለው ለመንገር አፍረው፣ ንፋስ መውጫ ሱቅ ከፍተው በነበሩት በሐጂ ጁነይዲ ደጅ እንኳ ማለፍ ተዉ። ከድርቁ ወዲህ ተማሪ ስላልተመለሰላቸው ጉባኤ ሳይዘረጉ ቆይተው ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በጉሮሯቸው የወጣው እባጭ በሕክምና ቢወጣላቸውም ድምፃቸው ከሹክሹክታ አላልፍ አለ። የአራቱን ዜማ በልባቸው ይዘው፣ ማውጫ አጥተው አራት ዓመት ተቀመጡ፤ በዚያን ጊዜ የነበረባቸውን ኀዘን የቤታቸው ሰው ያውቀዋል።

ሐጂ ጁነይዲ በ2001 ዓ.ም. ሲሞቱም መሪጌታ ለቅሶ የደረሱት ከሰው ኋላ ተደብቀው ነበር። በዓመቱ የሐጂ ልጅ ወይዘሮ ያስሚን በሚኒባስ መጥተው አንድ የእንጨት ሣጥን ከፊታቸው አስቀመጡና "አባዬ ሁለት ሁለት አድርጎ ነበር የቀረጸው፤ ክዳኑ ላይ የርስዎን ስም ጽፎበታል" አሏቸው። ሣጥኑ ሲከፈት ዐሥራ አራቱም ካሴቶች በሐር ጨርቅ ተጠቅልለው ተገኙ።

የመጀመሪያው ካሴት ተከፍቶ የየኔታ ድምፅ ሲሰማ መሪጌታ ነጠላቸውን አደግድገው እንደ ተማሪ ተነሥተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እጃቸውን አወዛወዙ እንጂ አልተቀመጡም፤ የካሴቱ ገጽ እስኪያልቅ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሰሙ። በማግስቱ ጉባኤ ዘረጉ። ልጃቸው ወይዘሮ ዮርዳኖስ ካሴቶቹን በስልክ ላይ አስገልብጠውላቸው፣ ድምፁ ዜማውን ሲያሰማ እርሳቸው የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን በመቋሚያ እያመለከቱ፣ የቀረውን እየጠጉ በጆሮ እያንሾካሾኩ፣ ሃያ ሦስት ደቀ መዛሙርት አስመረቁ።

ባደረባቸው ሕመም አንድ ወር ታመው፣ ትናንት ዐርብ ጠዋት በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ፣ ልጆቻቸው ዮርዳኖስ፣ ሰውነትና ንግስት፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ወይዘሮ ያስሚን ከነቤተሰባቸው ኀዘንተኞች ናቸው። ከሃያ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት መምህሩ ከፍ አድርገው ሲያዜሙ የሰማ አንድም የለም፤ ሆኖም ዛሬ አስከሬኑን ከበው መዋሥዕቱን ሲያደርሱ ወይዘሮ ብርነሽ ልቅሷቸውን ገትተው "ይኸ እኮ የሱ ድምጥ ነው፤ በጎልማሳነቱ እንዲህ ነበር" ብለዋል።

ዜማን ለሰው ልጅ በጸጋ የሰጠ አምላክ የአባታችንን ነፍስ፣ የዚያ ጎጆ ባልንጀሮቻቸው ምስጋና ሳያቋርጡ ከሚቆሙበት ስፍራ ያግባልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን። አሜን።