በአሸዋው ሥር ያለው ውሃ

ከጎንደር ወደ ድብ ባሕር ስሄድ የተሳፈርኩባት ማኪና ጎማዋ ተነፈሰ። እስኪጠገን ከመንገዱ በታች ካለው ወንዝ ወረድኩና ከሾላ ጥላ ሥር ተጋደምኩ። በጋው ጠንቶ ወንዙ ደርቋል፤ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። ቅጠሉ ሲንሿሿ ውሃ የሚፈስ እየመሰለኝ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ነገ ስካቫተሩ መጥቶ የቀረውን አሸዋ ጠራርጎ ያወጣዋል።»

ዓይኔን ብገልጥ፣ ጎንደር ፒያሳ የግንባታ ዕቃ የሚነግዱት ሐጂ ዐብዱልከሪም ናቸው። አጠገባቸው ስለ ውሃ የተማረችው የእኅታቸው ልጅ ፈህሚያ ቆማለች። ሰላምታ ተለዋወጥንና ክርክራቸውን ቀጠሉ።

«አጎቴ፣ እባክዎ ይተዉት። መንደሩ በጋውን የሚጠጣው ከዚህ አሸዋ ሥር ነው።»

«ምነው ልጄ! ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ አሸዋ ያመጣ የለም ወይ? አላህ የሰጠንን ብንሰበስብ ምን ነውር አለው?»

«ነውርስ የለውም። ግን ክረምት የሚያመጣው ስንዝር ነው፤ ስካቫተሩ የሚያወጣው የሰው ቁመት። አምና የተቆፈረውን ይዩት፤ ድንጋዩ አግጥጧል፣ ዳሩም እየተናደ የሰው ማሳ እየበላ ነው።»

«ታዲያ ሰው ቤቱን በምን ይሥራ? በምክር?»

ሐጂ መልስ አያጡም። እኔም ከተማ ቤት ጀምሬ ነበርና በልቤ ፈረድኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ደረሰ። ሐጂ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው አምና ወደተቆፈረው ወረዱ፤ ጠብታ አጥተው ተመለሱ።

«እንግዲህ ውሃ ከጠፋ ፊትና እጅን በአሸዋ ማበስ ተፈቅዶልናል» አሉ ሲቀልዱ።

«አሸዋውንስ ነገ ሊወስዱት አይደል፣ አጎቴ?»

ሐጂ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ዞረው ደረቁን ጉድጓድ አዩ።

ፈህሚያ ካልተነካው አሸዋ ላይ ተንበርክካ በእጇ ማሰች። ጥቂት ቆይቶ ከጉድጓዱ ሥር ውሃ አቀረረ፤ ደፍርሶ ቆየና ጠራ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው እየቀዱ ታጠቡ።

«እናቴ የምትቀዳው እዚሁ ነበር» አሉ። እኔ ገና ያልነቃሁ መሰለኝ፤ የማላውቃት ሴት እንስራ አዝላ ከፊታችን ቆማ የማያት ያህል ሆነብኝ።

ሶላታቸውን ሲጨርሱ፣ «እሺ፣ እንዴት ይሁን ትያለሽ?» አሉ።

«አሸዋ አይነሣ አላልኩም። ክረምት ያመጣውን ያህል፣ ከላይ ከላዩ፣ በአካፋ ይነሣ። ከዳሩና ከድልድዩ እንራቅ። አንዱ ቦታ ሲነሣ ሌላው ይረፍ፤ ቦታውንም መንደሩ ይምረጥ።»

«ሸጋ! ላም እንደማለብ ነዋ። ለጥጃዋ ጡት ሳይተው የሚያልብ ማን አለ?» ብለው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ስካቫተሩን አታምጣው፤ አካፋ የያዙ ጎረምሶች ይበቁናል።»

በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው አለፍኩ። ጎረምሶቹ ከላይ አሸዋ ይጭናሉ፤ ሥራቸው ዘንድሮም አልተቋረጠም። ማሳው ሳይናድ ከዳሩ ቆሟል። የእኔም ቤት ግድግዳ በዚያው አሸዋ ተለስኗል። ከሾላው ፊት ለፊት ተንበርክኬ በእጄ ማስኩና ጠበቅሁ። ውሃው መጣ።